ከገመዱ የማይወርድ መቆንጠጫ

ቤይሩት ውስጥ ትሠራበት በነበረው ቤት የልብስ ማስጫው ገመድ የተወጠረው ከባልኮኒው የብረት አጥር ውጭ ነበር። ሁለት ብረቶች ከግድግዳው ተነስተው ወደ ጎዳናው ይዘልቃሉ፤ በመካከላቸው አራት ገመድ አለ። የመጀመሪያውን ገመድ እጅ ዘርግቶ መድረስ ይቻላል። ለሁለተኛው ወገብን አጥሩ ላይ ማስደገፍ ያስፈልጋል። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ የሚያሰጣ ሰው ግን በእግሩ ጣቶች ቆሞ፣ ሆዱን በብረቱ ላይ አስተኝቶ፣ ግማሽ አካሉን ለአየር መስጠት አለበት። ፎቁ ሰባተኛ ነው።

ስድስት ዓመት እዚያ ገመድ ላይ የአምስት ሰው ልብስ አሰጣች። መቆንጠጫዎቹ 24 ነበሩ። ቁጥሩን ማዳምም ታውቀዋለች። ግማሾቹ የእንጨት፣ ግማሾቹ የላስቲክ ናቸው። የላስቲኩ ፀሐይ እያደረቀው ይሄድና አንድ ቀን በጣት መካከል ቀጭ ይላል። የእንጨቱ አይሰበርም፤ ይፈታል። መካከሉ ላይ ያለችው ሞላ ከቦታዋ ትንሸራተትና ሁለቱ እንጨቶች በየፊናቸው ይሄዳሉ። በማንኛውም መንገድ ቢሆን መቆንጠጫው ሲሄድ የያዘው ልብስ ይከተላል፤ ልብሱን ደግሞ እጅ ይከተላል። ሰው ይህን አስቦ አያደርገውም። የሚወድቅ ነገር ሲያይ እጁ ቀድሞት ይሄዳል።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት፣ ከባሕሩ በኩል ነፋስ በተነሳበት አንድ ጠዋት፣ የእርጥብ አንሶላ አንዱ ጫፍ አመለጠ። በግራ እጇ ያዘችው። ነፋሱ አንሶላውን እንደ ሸራ ነፋውና እግሮቿ ከወለሉ ለቀቁ። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ከታች የቆመች የነጭ መኪና ጣሪያ ነው። እንዴት ወደ ውስጥ እንደተመለሰች አታውቅም። አንሶላው በእጇ ነበር፤ መቆንጠጫው ግን ሰባት ፎቅ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ሲያርፍ ድምፁን ሰምታለች። ማዳም ከውስጥ ሆና «ስንት ቀረ?» ብላ ጠየቀች። የጠየቀችው ስለ መቆንጠጫው ነው።

ከፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሌላ ልጅ ነበረች። በአካል ተገናኝተው አያውቁም። ወዳጅነታቸው ከባልኮኒ ባልኮኒ ነው፤ በእጅ ሰላምታ፣ ጎዳናው ጸጥ ሲል ደግሞ በአማርኛ አንድ ሁለት ቃል። የወሎ ልጅ እንደሆነች ከአነጋገሯ ለይታለች፤ ስሟን ግን በትክክል አልሰማችም። አንድ ሐሙስ ከታች ሰው ተሰበሰበ፤ አምቡላንስ መጣ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተወራ። ራሷን ጣለች የሚል ነበር፤ ልታመልጥ ስትል ነው የሚልም ነበር። የፊት ለፊቷ ጎረቤት ግን ገመዱን አየች። አንድ አንሶላ በአንድ ጫፉ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። ሌላው ጫፉ የተያዘበት መቆንጠጫ የለም። የልብስ ቅርጫቱ እርጥብ ልብስ እንደያዘ ሁለት ቀን ባልኮኒው ላይ ቆየ። የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ያየችውን ለማንም አልተናገረችም። ያየችው ነገር ምን እንደሚያረጋግጥም እርግጠኛ አልነበረችም።

ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 ባወጣው መግለጫ ከጥር 2007 ጀምሮ ሊባኖስ ውስጥ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ሞተዋል። 40ዎቹ ራስን ማጥፋት ተብለው ተመዝግበዋል፤ 24ቱ ከፎቅ የወደቁ ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከአሠሪያቸው ለማምለጥ ሲሞክሩ የሞቱ ነበሩ። ይህ እሷ ከመሄዷ በፊት የነበረ ቁጥር ነው። በእንዲህ ያለው መዝገብ ውስጥ «ልብስ ስታሰጣ» የሚል ምክንያት ለብቻው ዓምድ የለውም።

እሷ የተመለሰችው በመስከረም 2013 ዓ.ም. ነው። የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ፣ ኮሮናው ተጨምሮ፣ በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ ወደቡ ፈንድቶ፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ያለ ደመወዝ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ እያወረዱ የሚሄዱበት ጊዜ ነበር። ፓስፖርቷ ማዳም ጋ ስለቀረ የመጣችው በሊሴ ፓሴ ነው። ሊሴ ፓሴውንና ሁለት ሌሎች ወረቀቶችን በአንድ አግራፍ አያይዛ በፌስታል ጠቅልላ ይዛ መጣች። ከሻንጣ የሚቆጠር ሌላ ነገር አልነበራትም።

ታናሽ ወንድሟ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይሠራል። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። የዘይት በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ ቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል፤ መዶሻ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። የወንድሟ ሥራ የከሰል ምድጃ ነው። አንድ ሞርሳ፣ ሁለት ፒንሳ፣ መዶሻና ሞረድ አለው። እጁ የተፈታው ግን በሽቦ ነው። ልጆች ሳሉ የሰፈሩን የሽቦ መኪና የሚሠራው እሱ ነበር፤ መሪውን በረጅም ሽቦ ወደ ላይ አውጥቶ ቆሞ እየነዳ መንደሩን ያዞራት ነበር።

ከመጣች ሦስት ወር ገደማ ሆኗት፣ አንድ እሑድ፣ የቤታቸው ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ሳለ ጠራችው።

«ከገመዱ የማይወርድ መቆንጠጫ ልትሠራልኝ ትችላለህ?»

«እትዬ፣ ይሄማ ሱቅ ሞልቶ የለ? አንድ ደርዘን ልግዛልሽ።»

«የሚሸጠው ይወድቃል።»

«ቢወድቅስ? ጎንበስ ብሎ ማንሳት ነው።»

ዝም አለች። ከዚያ ቅርጫቱን አስቀምጣ ተቀመጠችና ስለ ነጯ መኪና ጣሪያ ነገረችው። ስለ ፊት ለፊቷ ልጅም ነገረችው። በስድስት ዓመት ውስጥ በስልክ ያልነገረችውን በአንድ ጊዜ ነገረችው። ወንድሟ ሲሰማ ቆየና፣ ሰው ሲጨንቀው እንደሚያደርገው፣ በእጁ የሚሠራ ነገር ፈለገ። ያገኘው የወረቀቶቿን አግራፍ ነው።

አግራፉ ዝጓል። ሊሴ ፓሴው ጠርዝ ላይ ቡናማ የዝገት ምልክት ትቷል። ወንድሟ ነቀለውና እያገላበጠ አየው። ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የምትሆን አንድ ሽቦ ናት፤ ሦስት ጊዜ ታጥፋለች፤ ሌላ ምንም የላትም። ወረቀቱን የምትይዘው ልትከፈት ስትገደድ ወደ ቦታዋ መመለስ ስለምትፈልግ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው ሕግም ይኸው ነው፤ ሞላ የሚመልሰው ጉልበት በተሳበበት ልክ ነው። ሕጉ ግን ድንበር አለው። ሽቦ ከተወሰነ በላይ ከታጠፈ አይመለስም፤ እንደታጠፈ ይቀራል። አግራፍ ሠሪው ሦስቱን መታጠፊያዎች ሲሠራ ሆን ብሎ ድንበሩን ያልፋል፤ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ሁለት ሦስት ወረቀት ሲያያይዝ ደግሞ ከድንበሩ ወዲህ ይቆያል። ዕቃው የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። አርባ ገጽ በአንድ አግራፍ ለመያዝ የሞከረ ሰው ድንበሩ የት እንዳለ ያውቃል።

ይህን ቅርጽ መጀመሪያ ማን እንዳሰበው አይታወቅም። «ጄም» በሚባለው ስም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንግሊዝ አገር ይሸጥ ነበር፤ ለቅርጹ የባለቤትነት መብት ያወጣ ሰው ግን የለም። አሜሪካዊው ዊልያም ሚድልብሩክ እ.ኤ.አ. በ1899 መብት ያወጣው አግራፉን ለሚያመርተው ማሽን ነው። ኖርዌዮች ክብሩን ለአገራቸው ሰው ለዩሃን ቮለር ይሰጣሉ። ቮለር በዚያው በ1899 ጀርመን አገር አመልክቶ ነበር፤ የእሱ አግራፍ ግን የመጨረሻዋ መታጠፊያ ስለሌላት ወረቀት ለማስገባትም ለመያዝም ታስቸግራለች። በ1989 በኦስሎ አቅራቢያ ለእሱ መታሰቢያ የቆመው ትልቅ አግራፍ እንኳ የተሠራው በጄም ቅርጽ ነው። በየቢሮው ያለው ዕቃ፣ ባለቤቱ ሳይታወቅ፣ የሌላ ሰው ሐውልት ሆኗል።

የልብስ መቆንጠጫው ባለቤቶች ግን ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1853 በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ የሚኖረው ዴቪድ ስሚዝ ሁለት እንጨቶችን በሞላ አያይዞ መብት አወጣ። ከዚያ በፊት የነበረው መቆንጠጫ አንድ የተሰነጠቀ እንጨት ነበር፤ ገመዱ ላይ ይሰካል፤ ነፋስ ሲመጣ ከልብሱ ጋር ተነቅሎ ይሄዳል። የስሚዝ ጠላት ነፋስ ነበር። በ1887 ደግሞ የዚያው የቨርሞንት ሰው ሶሎን ሙር ሞላውን አቃለለው፤ አንድ ሽቦ ጠምዝዞ መክፈቻም መዝጊያም አደረገው። የሙር ጠላት ውስብስብነት ነበር። ዛሬም ገበያ ላይ ያለው የእንጨት መቆንጠጫ በመሠረቱ የሙር ነው።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ሄንሪ ፔትሮስኪ ስለ ዕቃዎች አፈጣጠር በጻፈው መጽሐፍ የዕቃን ቅርጽ የሚወስነው የቀድሞው ዕቃ ጉድለት ነው ይላል። ሰው አዲስ ነገር የሚሠራው አሮጌው ስላስቸገረው ነው። አባባሉ እውነት ነው፤ አንድ ጥያቄ ግን ያስከትላል። ያስቸገረው ማንን? በ19ኛው መቶ ዓመት ቨርሞንት የልብስ ገመድ ሲባል ግቢ ውስጥ በሁለት ግንድ መካከል የታሰረ ነው። እዚያ የወደቀ መቆንጠጫ እግር ሥር ያርፋል፤ ጎንበስ ብሎ ማንሳት ነው። ስለዚህ መውደቁ ጉድለት ሆኖ አልተቆጠረም። ያው መቆንጠጫ፣ ምንም ሳይለወጥ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ወጣ። እዚያ የምታሰጣዋ ሴት ደግሞ ዕቃ የምትመርጠው፣ የምትገዛው፣ የሚያስቸግራትን የምትናገረው ሰው አይደለችም። የእሷ ችግር ለሠሪው የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። በዚያ እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረሰ፤ ሠሪው ወንድሟ ስለሆነ።

የመጀመሪያው ሙከራ በጥቁር ሽቦ ነበር፤ ግንበኞች ፌሮ የሚያስሩበት ነው። ወንድሟ በፒንሳ እየጠመዘዘ በግማሽ ሰዓት አንድ ሠራ። ቅርጹ ያምራል። አንዴ ከፍታ ለቀቀችው፤ እንደተከፈተ ቀረ። ጥቁር ሽቦ በእሳት የለሰለሰ ነው። ሥራው መታሰር እንጂ መመለስ አይደለም፤ የታዘዘውን ተቀብሎ ይቀራል።

ሁለተኛው የአጥር ሽቦ ነበር፤ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ። ይህ ደግሞ ይመለሳል፤ ግን ለመክፈት ሁለት እጅ ይፈልጋል። የሽቦ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ለመታጠፍ ያለው እምቢታ በ16 እጥፍ ያድጋል፤ ስለዚህ የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት በጣት ላይ ትልቅ ነገር ነው። እሷ ሞከረችውና መለሰችለት።

«አንዱ እጄ ሁልጊዜ አጥሩን መያዝ አለበት» አለችው።

ይህች ዓረፍተ ነገር ከዚያ በኋላ ሕግ ሆነች። በአንድ እጅ የማይከፈት ነገር ሁሉ ተጣለ።

ሦስተኛው የመጣው ከብስክሌት ነው። ምናለሽ ተራ ውስጥ የተጣመመ የብስክሌት ጎማ አይጠፋም። ቸርኬውን ከመሐሉ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች ብዙውን ጊዜ 2 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ በቀዝቃዛው ተስበው የጠነከሩ ስለሆኑ ይታጠፋሉ፤ ተመልሰውም ይነሳሉ። ከሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ከፊሎቹ የማይዝግ ብረት ናቸው፤ ከፊሎቹ ተራ ብረት ላይ ቀለል ያለ ቅብ ያላቸው ናቸው፤ በዓይን መለየት ያስቸግራል። መለያውን ያመጣችው እሷ ናት። ቤይሩት የባሕር አየር ያለባት ከተማ ናት፤ ጨው ብረት እንዴት እንደሚበላ አይታለች። እያንዳንዱን ሽቦ አንድ ጊዜ አጥፈው በጨው ውሃ ጣሳ ውስጥ ነከሩት። በሦስተኛው ቀን ቅብ ያላቸው መታጠፊያቸው ላይ ቡናማ ሆኑ። ነጭ ሸሚዝ ላይ የዝገት ምልክት ማለት የደመወዝ ቅጣት ማለት ነው፤ እነሱም ተጣሉ።

ቅርጹ ላይ ብዙ ተከራከሩ። የእሱ ሐሳብ መደበኛውን መቆንጠጫ ሠርቶ በትንሽ ሰንሰለት ከገመዱ ጋር ማሰር ነበር። ሰንሰለት ይጠላለፋል፤ ልብስም ይይዛል አለችው። አንድ ማታ ራት ላይ እንጀራውን ትታ ጣቶቿን እያጠላለፈች ስታስብ ቆየችና ሞላዋ ራሷ ለምን ቀለበት አትሆንም አለች። ሞላ መሐሏ ባዶ ነው፤ ገመዱ በዚያ ባዶ ውስጥ ይለፍ። ያኔ መቆንጠጫው ቢከፈትም፣ ቢላላም፣ ነፋስ ቢመታውም ገመዱን ትቶ የሚሄድበት መንገድ የለም። ገመዱ ራሱ ካልተፈታ እሱ አይወርድም።

ወንድሟ በማግስቱ ሠራው። 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ሞርሳ ላይ አሠረና ሽቦውን በመካከሉ ሦስት ዙር ጠመጠመበት። ሲለቀው ጥምጥሙ ትንሽ ሰፋ። «ሽቦ ሁልጊዜ ትንሽ ይዋሻል» አላት፤ «የምትፈልጊውን ያህል ለማጠፍ ከምትፈልጊው ማለፍ አለብሽ።» 4 ሚሊ ሜትር ገመድ ግን በቀላሉ ያልፍበታል። ከጥምጥሙ የወጡትን ሁለት ክንዶች ወደ ታች አወረደና አንዱን በሌላው ላይ አሻገረው፤ እንደ መስቀል። ክንዶቹ በተፈጥሯቸው መራራቅ ይፈልጋሉ፤ ስለተሻገሩ ግን ከላይ ለመራራቅ ሲሞክሩ ከታች ይገጥማሉ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከጥምጥሙ ሥር ጨምቀው ሲያቀራርቧቸው ከታች ይከፈታል፤ ሲለቁት ይዘጋል። አንድ እጅ ይበቃዋል። በአንድ ዙር የተሠራው ለጣት ጠንክሮ ነበር፤ በሁለት ዙር ተሻለ፤ በሦስት ልክ ሆነ። ዙሩ ሲበዛ ጫናው በረጅም ሽቦ ላይ ይከፋፈላልና አንዱም ቦታ ድንበሩን አያልፍም።

ከዚያ በኋላ የቀሩት ጥቃቅን ናቸው፤ ዕቃ ግን የሚጠላው በጥቃቅን ነው። የሽቦው ጫፍ ልብስ ይቧጭራል፤ ጫፎቹን ወደ ውስጥ ቀለሰ። ለስላሳ ሽቦ እርጥብ ጨርቅ ያንሸራትታል፤ መንጋጋውን አንድ ጊዜ ወደ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ታች አጣጥፎ አንዱ ሞገድ በሌላው ውስጥ እንዲገባ አደረገ፤ ጨርቁ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ተጣምሞ ስለሚያልፍ አያመልጥም። አንዱን መቆንጠጫ ለመጨረስ 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሽቦ ይፈጃል፤ ይህም የአንድ የብስክሌት ሽቦ ቁመት ነው። አንድ ጎማ ብዙውን ጊዜ 36 ሽቦ ስላለው፣ አንድ የተጣለ ጎማ የአንድ ቤት መቆንጠጫ ይወጣዋል።

ግቢ ውስጥ ሲሞክሩት ያላሰቡት ጉድለት ታየ። እርጥብ ብርድ ልብስ ሲሰቀል ገመዱ መሐሉ ላይ ረገበ፤ መቆንጠጫዎቹም በገመዱ ላይ ተንሸራተው መሐል ላይ እንደ በግ ተሰበሰቡ። ወንድሟ ጥምጥሙ ገመዱን ቆንጥጦ እንዲይዝ ለማድረግ ሁለት ሳምንት ታገለ። በጠበበ ቁጥር ገመዱ ይበላል፤ በሰፋ ቁጥር ይንሸራተታል። በመጨረሻ የፈታችው እሷ ናት፤ ፒንሳም አልያዘችም። ገመዱን አወረደች፤ አንድ መቆንጠጫ አስገባችና ድርብ ቋጠሮ ቋጠረች፤ ስንዝር ለካች፤ ሌላ አስገባችና ቋጠረች። ወንድሟ ዕቃው ላይ ሲያፈጥ መልሱ ገመዱ ላይ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ወንድሟ ተደሰተ። ለሱቆች እናቅርበው፣ መብት እናውጣበት አለ። እሷ አልተቃወመችም፤ ግን ደስታው አልተጋባባትም። ምክንያቱን ሲጠይቃት እንዲህ አለችው።

«እኔ እኮ የሠራነው ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ ሳስብ ነው። ገመዱን ከአጥሩ ውጭ ማን አደረገው? መቆንጠጫው ባይወድቅም እጄ እዚያ ድረስ መሄዱ አልቀረም።»

ልክ ናት። ሲንጋፖር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 በርካታ የቤት ሠራተኞች ከፎቅ ወድቀው ከሞቱ በኋላ መንግሥት ደንብ አወጣ፤ የመስኮቱ ብረት ካልተቆለፈና አሠሪው ቆሞ ካልተቆጣጠረ በስተቀር ሠራተኛዋ መስኮት በውጭ በኩል እንዳታጸዳ። የተሻለ መጥረጊያ ፍለጋ አልሄዱም፤ ሴትዮዋ የምትቆምበትን ቦታ ነው ያዩት። የሽቦ መቆንጠጫ ደንብ አይሆንም። ውል አይሆንም። ፓስፖርት አያስመልስም። ደህና የተሠራ ዕቃ አንዳንዴ መጥፎ አሠራርን ትንሽ ቀለል አድርጎ ዕድሜውን ያረዝማል፤ ይህንንም ማወቅ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ደንቡ እስኪወጣ ድረስ ልብስ በየቀኑ ይታጠባል።

ባለፈው ዓመት የአክስታቸው ልጅ ወደ ዮርዳኖስ ሄደች፤ አማን። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከመሄዷ በፊት በነበረው ማታ ቡና ተፈልቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እናቶች በሶና በርበሬ ሲያሽጉ፣ እሷ አንድ ፌስታል ይዛ መጣች። ውስጡ 30 መቆንጠጫ አለ። ልጅቷ ሳቀች።

«እታለም፣ እዚያ መቆንጠጫ የለም ብለሽ ነው?»

«አለ። አንቺ ግን በዚህ ተጠቀሚ።»

አሠራሩን አሳየቻት፤ በአንድ እጅ፣ ሌላው እጅ አጥሩ ላይ። ሌላውን ነገር ሁሉ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ፓስፖርት፣ ቀድማ ነግራት ነበር። ስለ ፊት ለፊቷ ልጅ ግን አልነገረቻትም። በመንገድ ዋዜማ የሚነገር አይደለም።

ሁለት ወር ያህል ምንም አልተሰማም። ከዚያ አንድ ምሽት በኢሞ የድምፅ መልእክት መጣ። ልጅቷ በሹክሹክታ ነው የምታወራው፤ ሰዎቹ ተኝተዋል።

«እታለም፣ መቆንጠጫሽ በጣም ነው ያስቸገረኝ። ገመዱ ካልተፈታ አይገባም። ማዳም የለችም ብዬ ገመዱን በሙሉ ፈታሁት፤ ከዚያ አንድ በአንድ እያስገባሁ እንዳሳየሽኝ ቋጠርኩት። መልሼ ላስር ስል ግን የቀድሞው ቦታ ሩቅ ሆነብኝ። ጎረቤት ዘበኛውን ለምኜ ሁለት ሚስማር በውስጥ በኩል አስመታሁ። አሁን ገመዱ ከአጥሩ ወዲህ ነው። ማዳም ስትመጣ አየችውና ፀሐይ አያገኘውም አለች። ከዚያ ተወችው።»

መልእክቱን ሦስት ጊዜ ሰማችው። ከዚያ ስልኩን ለወንድሟ ሰጠችው። እሱ ሰምቶ ሲጨርስ መቆንጠጫው መያዝ አለመያዙን አልነገረችንም እኮ አለ።

«አልነገረችንም» አለች እህቱ፤ ተነስታም ልብሱን ልታስገባ ወደ ግቢ ወጣች።